ክሪሲፐስ ናት ወይስ ሚሲፐስ? የሚመሳሰሉ ቢራቢሮዎችን ሜዳ ላይ እንዴት እንደምትለዩ

ስልኬ ላይ "ዳናውስ" የሚል፣ በአንድ የቢራቢሮ ወገን ስም የሰየምኩት ፎልደር ነበረኝ። ሁለት አመት ሙሉ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር በሉት፣ አዋሽ መንገድ በሉት፣ ሐዋሳ በሉት፣ ያቺን ብርቱካናማ ቢራቢሮ ባየሁ ቁጥር አነሳና እዛ ውስጥ እከታታለሁ። አንድ ክረምት መብራት ጠፍቶ ቤት ቁጭ ባልኩበት ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያጎላሁ ሳይ፣ ወገን፣ አስራ ምናምኑ ጭራሽ ዳናውስ አይደሉም! ሌላ ዝርያ፣ ዝምድናቸውም ሩቅ ነው። ካሜራው ምንም አላጠፋም፣ እኔ ነኝ ቀለም እያየሁ የኖርኩት። እና ይሄን የምጽፈው እናንተ ያን ሁለት አመት እንዳታባክኑ ነው።

ዋናዎቹ ባለጉዳዮች ሁለት ናቸው። አንዷ ዳናውስ ክሪሲፐስ ናት፣ በየመንገዱ ዳር፣ በየማሳው ጠርዝ የምትታየው፣ የሸክላ ቀለም ያላት፣ የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ በላዩ ነጭ ቀበቶ የታሰረባት። ሁለተኛዋ የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ሴቷ ናት። ሴቷ ብቻ፣ ወንዱ ፈጽሞ አይመስላትም፣ እሱ ላይ መጨረሻ እመለሳለሁ። የስዊድኑ የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ ክሪሲፐስን በ1758 ሚሲፐስን በ1764 ስም ሲያወጣላቸው ስማቸውን ሳይቀር ቤት እንዲመታ አድርጎ ነው የሰጣቸው፣ ሆን ብሎ እኛን ለማደናገር ያሰበ ይመስላል።

ለምን እንደሚመሳሰሉ ካወቃችሁ የት ቦታ እንደምትለዩአቸው ራሱ ይገባችኋል። ክሪሲፐስ አባጨጓሬ ሳለች የምትበላው ሲሰበሩ ነጭ ወተት የሚያወጡ ተክሎችን ነው፣ ወተቱ ውስጥ ልብ ላይ የሚሰራ ካርዴኖላይድ የሚባል መርዝ አለ፣ እሱን ሰውነቷ ውስጥ አጠራቅማ ትይዘዋለች፣ የቀመሰቻት ወፍ ታስመልስና ሁለተኛ አትሞክራትም። ሚሲፐስ እንዲህ አይነት መርዝ የላትም፣ ልብሱን ብቻ ነው የተዋሰችው። የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ እንል የለ? ይቺ ተገላቢጦሽ ናት፣ የተኩላ ለምድ የለበሰች በግ። ይሄን ማስመሰል እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሄንሪ ቤትስ በ1862 ከአማዞን ቢራቢሮዎች ተነስቶ ስለጻፈበት ቤትሺያን ሚሚክሪ ይሉታል። ለኛ ቁም ነገሩ ምንድነው፣ ወፍ የምትወስነው ከሩቅና በጥድፊያ ነው፣ ስለዚህ ልብሱ የተሰፋው ለሩቅ እይታ ነው። ቀለሙ ግሩም ተደርጎ ተሰርቷል፣ ቀበቶው ግሩም ነው፣ ጥቃቅኑ ላይ ግን ልብስ ሰፊው ሰንፏል። እኛ የምንይዛት እዛ ላይ ነው።

1. ምን ይዛችሁ ውጡ

ብዙ አያስፈልግም። ደህና ዙም ያለው ስልክ ይበቃል፣ ባይኖኩላር የምትገዙ ከሆነ ግን ሻጩን "ስንት እጥፍ ያጎላል" ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት "በቅርብ እስከ ስንት ሜትር ያያል" በሉት፣ ከ2 ሜትር ወዲያ ካልሆነ የማያይ ባይኖኩላር ለወፍ እንጂ ለቢራቢሮ አይሆንም። መረብ አልመክርም፣ ፓርክ ውስጥ ከሆነ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ውጭ ከሆነ ደግሞ ክንፏ ላይ ያለው ዱቄት መሳይ ቅርፊት ይረግፋል፣ እኛ የምንፈልገው ምልክት እዛ ዱቄት ላይ ነው ያለው። ማስታወሻ ደብተር ያዙ፣ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የተቀመጠችበት ተክል። ተክሉን አትዝለሉት።

ሰአቱ? ፀሐይ መሬቱን ካሞቀ በኋላ፣ ከ3 ሰአት እስከ 5 ሰአት ባለው አሪፍ ነው። ገና ሰውነታቸው ስላልሞቀ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ክንፍ የዘረጋች ቢራቢሮ ደግሞ መታወቂያዋን አውጥታ እንዳሳየቻችሁ ቁጠሩት። ቀትር ላይ ከሄዳችሁ ሩጫ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። ወቅቱ ደግሞ ደጋና ወይና ደጋ ላይ ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት፣ አደይ አበባው ባለበት።

2. ቢራቢሮዋን ሳይሆን ተክሏን ፈልጉ

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይባላል፣ ጀማሪ ሁሉ የሚሰራው ይሄንኑ ነው፣ ሜዳ መሀል ቆሞ የምታልፈውን መጠበቅ። ክሪሲፐስን የምትፈልጉ ከሆነ ቆላ ላይ ያቺን ቅጠሏ ወፍራም አመድማ፣ ፍሬዋ አየር እንደተሞላ ፊኛ የሆነች፣ ስትሰበር ወተት የምታዘንብ፣ ብዙ ቦታ ጦቢያ የምትባለውን ቁጥቋጦ ፈልጉ። እዛ ዙሪያ ዝቅ ብላ እየተንሳፈፈች ቅጠል በቅጠል የምትነካካ ብርቱካናማ ካያችሁ እንቁላል ልትጥል የመጣች ሴት ክሪሲፐስ ናት፣ አንድ ቅጠል ላይ አንድ እንቁላል ብቻ ጥላ ታልፋለች።

ሚሲፐስ ግን ጦቢያ ላይ ምን ትሰራለች? የሷ ልጆች የሚበሉት በብዛት ፖርቹላካን ነው፣ መሬት ላይ ተዘርግታ የምትበቅል፣ ግንዷ ቀላ ያለ፣ ቅጠሏ ትንንሽና ውሃ የቋጠረ አረም፣ በየጓሮውና በየመንገዱ ስንጥቅ አለች። ብርቱካናማዋ መሬት ለመሬት እየሄደች እንደዚህ አይነት አረም ላይ ሆዷን አጠፍ የምታደርግ ከሆነ ገና ክንፏን ሳታዩ ጠርጥሩ።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር፣ ደረቅ ወይ የተቀጠፈ ሄሊዮትሮፕ አረም ላይ ሰብሰብ ብለው አበባ በሌለበት ግንዱን ሲልሱ ካያችሁ ወንድ ክሪሲፐሶች ናቸው። ከተክሉ የሚወስዱት አልካሎይድ አለ፣ ሴት ለመማረክ የሚያወጡትን ሽታ የሚሰሩት ከሱ ነው። ሽቶ ገዝተው እየተመለሱ ነው በሉት።

3. ፎቶ፣ ከላይም ከስርም

አንድ ፎቶ አንስታችሁ አትሩጡ። መጀመሪያ ከሩቅ አንድ አንሱ፣ ከበረረች እሱ ይተርፋችኋል፣ ከዛ ጥላችሁ እንዳያርፍባት ፀሐይን ፊት ለፊት ወይ በጎን አድርጋችሁ ጎንበስ ብላችሁ እየተጠጋችሁ በየሁለት እርምጃው አንሱ። የግድ የምትፈልጉት ሁለት ነው፣ ክንፏ ተዘርግቶ ከላይ፣ ክንፏ ተከድኖ ከጎን። የኋላ ክንፏ ሙሉ በሙሉ ያልታየበት ፎቶ ቆንጆ ሊሆን ይችላል ለመለየት ግን አይጠቅምም፣ የኔ ፎልደር ውስጥ ከነበሩት ግማሹ የፊት ክንፍ ብቻ ነበሩ፣ እስካሁን ማን እንደሆኑ አላውቅም። ካልተቀመጠችላችሁ ስሎው ሞሽን ቪዲዮ ቅረጹና በኋላ ፍሬም በፍሬም እያቆማችሁ እዩት፣ ይሄ በጣም ይሰራል።

4. የኋላ ክንፍ ላይ ነጥብ መቁጠር

ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይቺን ያዙ። ፎቶውን አጉሉና ቀለሙን እንዳላያችሁ ሆናችሁ የኋላ ክንፉ መሀል ላይ ያሉትን ጥቁር ነጥቦች ቁጠሩ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ጥቁር መስመር ሳይሆን መሀሉን።

ክሪሲፐስ ሴት ከሆነች 3 ነጥብ አላት፣ ክንፉ መሀል አካባቢ ተጠጋግተው የተቀመጡ። ወንድ ከሆነ 4 ነው። አራተኛው ወደ ታች ወረድ ብሎ ከሌሎቹ ተለቅ ያለ፣ ከስር ስታዩት መሀሉ ነጣ ያለ ሲሆን ተራ ነጥብ ሳይሆን የሽታ ከረጢቱ ነው። ስለዚህ በአንድ ቆጠራ ዝርያውንም ጾታውንም አወቃችሁ ማለት ነው፣ እንደዚህ በርካሽ የሚገኝ ነገር ቢራቢሮ አለም ውስጥ ብዙ የለም።

ሚሲፐስ ከላይ ስትታይ ያላት አንድ ነው። እሱም መሀል ላይ ሳይሆን ወደ ላይኛው የክንፉ ጠርዝ ተጠግቶ ነው፣ ስለዚህ የፊት ክንፉ ወደ ኋላ ተስቦ ከተቀመጠች ሊሸፈን ይችላል፣ ያኔ ምንም ነጥብ የሌላት ትመስላለች። አንድ ወይ ዜሮ ከሆነ ሚሲፐስ፣ ሶስትና አራት ከሆነ ክሪሲፐስ፣ በቃ።

"አንዱ በደንብ አይታይም፣ ሁለት ይመስለኛል" የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ሁለት የሚባል የለም፣ ክንፉ ተቀዶ ወይ ታጥፎ ነው፣ የሌላኛውን ጎን ክንፍ ቁጠሩ።

5. ጠርዙን በጣት ተከትላችሁ ሂዱ

ነጥቡ ካልታያችሁ ወደ ጠርዙ። ስክሪኑ ላይ የኋላ ክንፉን ጠርዝ በጣታችሁ ተከተሉት፣ ክሪሲፐስ ላይ ጣታችሁ ለስለስ ያለ ቅስት ይዞ ይሄዳል፣ ሚሲፐስ ላይ ግን ይንገጫገጫል፣ ጠርዟ እንደ ዳንቴል ገባ ወጣ ያለ ነው። ያረጀች ክሪሲፐስ ክንፏ ተበጣጥሶ ገባ ወጣ ሊል ይችላል፣ የሷ ግን ግራና ቀኙ አይመሳሰልም፣ የሚሲፐስ ዳንቴል ሁለቱም ጎን እኩል ነው።

ጀማሪዎች ደረቷ ላይ ያሉትን ነጫጭ ጠቃጠቆዎች ይተማመናሉ፣ እኔ አልተማመንም። ዳናውስ ላይ ጎልተው ይታያሉ እውነት ነው፣ ግን በዛ ብቻ መወሰን መልሶ ወደ አጠቃላይ መልክ መግባት ነው።

6. ቀለሙ ሲቀያየር አትደንግጡ

አሁን ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል፣ ምክንያቱም ክሪሲፐስ ራሷ አንድ ልብስ ብቻ አይደለም ያላት። ምስራቅ አፍሪካ የተለያዩ መልኮቿ የሚገናኙበት አካባቢ ነው፣ አንድ ሜዳ ላይ ሁለት ሶስት አይነት ልታዩ ትችላላችሁ። የተለመደችው ጥቁር ጫፍና ነጭ ቀበቶ ያላት ናት። ዶሪፐስ የሚሏት መልክ ጥቁሩም ቀበቶውም የላትም፣ የፊት ክንፏ እስከ ጫፍ ብርቱካናማ ነው፣ በረሃማው አካባቢ ይቺን ታዩአታላችሁ። አልሲፐስ የሚሏት ደግሞ ፊቷ እንደተለመደው ሆኖ የኋላ ክንፏ ነጭ ነው። የሁለቱ ድምር የሆነች፣ ቀበቶ የሌላት የኋላ ክንፏም ነጭ የሆነች አልቢነስ የምትባልም አለች።

እና ሚሲፐስ ምን አደረገች? ለየመልኩ ልብስ አሰፋች! ዶሪፐስን የምትመስል ኢናሪያ የምትባል መልክ አላት፣ አልሲፐስን የምትመስል የኋላ ክንፏ የነጣም አላት። መጀመሪያ ሳውቅ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ስምንት ምናምን አይነት ልሸመድድ ነው ብዬ። ኋላ ግን ገባኝ፣ መሸምደድ አያስፈልግም፣ ምክንያቱም ቀለሙ ሲቀየር ነጥቡ አይቀየርም። ነጭ ጀርባ ላይም ሆነ ብርቱካናማ ላይ ክሪሲፐስ ሶስት ወይ አራት፣ ሚሲፐስ አንድ። ለዚህ ነው ቀለሙን እርሱት የምለው፣ የስልክ መለያ አፕም ሲሳሳት ያየሁት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፣ "ዳናውስ" ብሎ ሲላችሁ ራሳችሁ ቆጥራችሁ ነው ማመን ያለባችሁ።

7. አበራረር

ይሄ ድጋፍ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ክሪሲፐስ አትቸኩልም፣ ሁለት ሶስቴ ክንፏን መታ ታደርግና እንደ ቪ ከፍ አድርጋ ይዛው ትንሳፈፋለች፣ ማን ይነካኛል አይነት። ሚሲፐስም እንደዛው ትሞክራለች ግን ብታስደነግጧት ትወናውን ትረሳዋለች፣ እየተገለባበጠች በፍጥነት ትፈተለካለች። ደፋ ብላ መሬት ወይ ዝቅተኛ ቅጠል ላይ ክንፏን ዘርግታ መቀመጥም ትወዳለች። ግን ንፋስ ካለ ክሪሲፐስም ትሮጣለች፣ ብርድ ካለ ሚሲፐስም ትዘገያለች፣ ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፣ በሱ ብቻ ግን አትፍረዱ።

8. ሶስተኛዋ እንዳትረሳ

ትንሽ የሆነች ክሪሲፐስ አየሁ ካላችሁ ቆም በሉ። አክሪያ ኤንሴዶን የምትባል አለች፣ ቀለሟም ነጭ ቀበቶዋም ያው ነው፣ ክንፏ ሲዘረጋ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ክሪሲፐስ 7 እና 8 ትሆናለች። ቢራቢሮ ካደገ በኋላ መጠኑ አይጨምርም፣ "ገና ልጅ ናት" የሚባል ነገር የለም። ነጥብ ቁጠሩ ስላችሁ እዚህ ላይ መቁጠር ይሰለቻችኋል፣ የኋላ ክንፏ ስር በነጥብ ተዥጎርጉሯል፣ የፊት ክንፏ ብርቱካናማ ክፍል ላይም ነጥብ አለ፣ ክሪሲፐስ እዛ ቦታ ላይ ምንም የላትም። ክንፏም ስስ ነው፣ ስታረጅ ብርሃን ያሳልፋል። አባጨጓሬዋ የምትበላው የውሃ አንቁርን ነው፣ እንቁላሏን ደግሞ እንደ ክሪሲፐስ አንድ በአንድ ሳይሆን በክምር ትጥላለች። ይቺ ደግሞ በግ አይደለችም፣ የራሷ ሳያናይድ ያለው መርዝ አላት። ኤንሴዳና የምትባል እህት ዝርያም አለቻት፣ እነሱን በፎቶ ለመለየት አትድከሙ፣ ደብተራችሁ ላይ "ኤንሴዶን ወይ ኤንሴዳና" ብላችሁ ጻፉና እለፉ። እንደዛ መጻፍ ሽንፈት አይደለም፣ ተገምቶ የተጻፈ ስም ነው ችግር የሚያመጣው።

በነገራችን ላይ የኤንሴዶን ወንድ በአንዳንድ ቦታ በጣም ብርቅ ነው፣ ዎልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ ከእናት እየተላለፈ ወንድ ወንዱን ገና ሳይወጣ ስለሚገድለው። ምስራቅ አፍሪካ ያለችው ክሪሲፐስም በሌላ ባክቴሪያ፣ በስፓይሮፕላዝማ፣ ተመሳሳይ ጣጣ አለባት። ስለዚህ ቆጠራችሁ ሁሉ "3፣ 3፣ 3" ከሆነ አይናችሁን አትጠራጠሩ።

9. አባጨጓሬዋ አትዋሽም

አዋቂዋ ካምታታቻችሁ ቅጠሉን ገልብጡ። ማስመሰሉ ያለው ክንፉ ላይ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ በፍጹም አይመሳሰሉም። የክሪሲፐስ አባጨጓሬ ለስላሳ ናት፣ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበት ቀለበት፣ ጀርባዋ ላይ 3 ጥንድ ረጃጅም ጥቁር ቀንድ መሳይ ክር አላት፣ ከፊት፣ ከመሀል፣ ከኋላ። የሚሲፐስ ጠቆር ያለች ሆና ሰውነቷ በሙሉ ቅርንጫፍ ባለው እሾህ የተሸፈነ ነው። ሙሽሬዋም (አባጨጓሬዋ ቢራቢሮ ከመሆኗ በፊት ተሸፍና የምትቆይበት ደረጃ) እንደዛው፣ የክሪሲፐስ ለስላሳ አረንጓዴ ወይ ሮዝ ሆና ትንንሽ ወርቃማ ነጥብ አላት፣ የጆሮ ጉትቻ ነው የምትመስለው፣ የሚሲፐስ ሸካራና ቡናማ ናት።

ይሄው ዘዴ ሌሎቹ ላይ

ነጮቹ ላይ ሞክሩት። ቆላ ላይ በመንጋ የሚያልፉት ነጫጭ ቢራቢሮዎች ብዙ ጊዜ ቤሌኖይስ ናቸው፣ ጉመሮና ዘመዶቹ ላይ ይፈለፈላሉ፣ ሁለቱ የሚምታቱት አውሮታና ክሪዮና ናቸው። ከላይ አትድከሙ፣ ክንፏን ስትከድን ከስር እዩ፣ የኋላ ክንፏ ደም ስሮች በቡናማ እስክሪብቶ የተሰመሩ ከመሰሉ አውሮታ ናት፣ መሀሉ ንጹህ ወይ ቢጫማ ሆኖ ጥቁሩ ጠርዙ ላይ ብቻ ከተሰበሰበ ክሪዮና። ትንንሾቹ ቢጫ ዩሬማዎች ላይ ደግሞ የፊት ክንፉን ጥቁር ጠርዝ የውስጥ መስመር እዩት፣ ሄካቤ ላይ በደንብ ገባ ወጣ ይላል፣ ብሪጊታ ላይ ሳይንገጫገጭ ይወርዳል።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ እስራኤልና ገልፍ አገሮች ያላችሁ ክሪሲፐስን እዛው ታገኟታላችሁ፣ ቆጠራው አይቀየርም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ጣጣ ሞናርክና ቫይስሮይ የሚባሉት ሁለት ተመሳሳይ ቢራቢሮዎች ናቸው፣ የኋላ ክንፉን አቋርጦ ደም ስሮቹን የሚቆርጥ ጥቁር መስመር ካለ ቫይስሮይ ነው፣ ከሌለ ሞናርክ። አያችሁ፣ እዛም የኋላ ክንፍ ነው።

አንድ ነገር ግን ለኛ አገር ብቻ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ፓፒልዮ ዳርዳነስ የምትባል ትልቅ የደን ቢራቢሮ አለች፣ አፍሪካ አህጉር ላይ በብዙ ቦታ ሴቶቿ ጅራት የሌላቸው ሆነው የሌላ መርዛማ ዝርያ ልብስ ለብሰው ነው የሚሄዱት፣ እስከ 1869 ድረስ፣ የቢራቢሮ አጥኚው ሮላንድ ትራይመን የአንድ ዝርያ ሴትና ወንድ ናቸው ብሎ እስኪያሳይ፣ ሰው የተለያየ ዝርያ ነበር የሚመስለው። ኢትዮጵያ ያለችው ግን አብዛኛዋ ሴት ልክ እንደ ወንዱ ቢጫና ጥቁር ናት፣ ጅራትም አላት፣ ልብስ የተዋሰችዋ እንኳን ጅራቷን አልጣለችም። ስለዚህ ከኬንያ ወይ ከደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ መለያ ይዛችሁ ጫካ ከገባችሁ "ሴቷ የት ሄደች" ስትሉ ትውላላችሁ።

ወንዱ ሚሲፐስ ላይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። እሱን መሳሳት አይቻልም፣ ጥቁር ከሰል ነው፣ በላዩ ትልልቅ ነጭ ነጥብ፣ ፊት ክንፍ ላይ ሁለት ሁለት ኋላ ክንፍ ላይ አንድ አንድ፣ ባጠቃላይ ስድስት፣ ዙሪያቸው ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ያበራል። አንድ ቦታ ይዞ ቁጭ ይልና ያለፈውን ቢራቢሮ ሁሉ ያባርራል፣ ብታባርሩትም እዛው ይመለሳል። እሱን ካያችሁ ሴቷም እዛው ሰፈር ትኖራለች ብላችሁ ጠርጥሩ፣ እና ጠዋት እዛ ሰፈር ያነሳችሁትን "ክሪሲፐስ" ሁሉ ከፍታችሁ እንደገና ቁጠሩ።